ካርዱ በሩን ይከፍታል፣ ውስጥስ ምን አለ?

መገናኛ ቆማችሁ ታክሲ ስትጠብቁ ያቺ ሚኒባስ ማለፏ አይቀርም። ጎኗ ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ በትልቁ ተለጥፏል፣ ከሥሩ የባንክ ሂሳብ ቁጥር አለ፣ ጣሪያዋ ላይ ድምጽ ማጉያ ታስሯል። «ለወገን ደራሽ ወገን ነው! ወንድማችን ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል!» ካርቶን የያዙ ልጆች በየመኪናው መስኮት ይሯሯጣሉ። አንዳንዴ አሥር ብር ጣል ታደርጋላችሁ፣ አንዳንዴ ስልካችሁን እየነካካችሁ እንዳላየ ትሆናላችሁ። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ።

ያቺ ሚኒባስ የጤና መድን ናት። ቀልድ አይደለም። ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት አዋጥቶ የአንዱን ከባድ ወጪ ይሸከማል፤ መድን ማለትም ይኸው ነው። የሚኒባሷ ችግር ገንዘብ መሰብሰብ የምትጀምረው ሰውየው ከወደቀ በኋላ መሆኑ ነው። ያውም ፎቶው አንጀት የሚበላ ከሆነ፣ መኪና የሚከራይለት ወንድም ካለው፣ ፀሐይ ላይ የሚውሉለት ጓደኞች ካሉት ነው። ይሄ ሁሉ የሌለው ሰው ፎቶው አይለጠፍም። እቤቱ ነው የሚያልቀው።

«ሁለንተናዊ የጤና ሽፋን» የሚባለው፣ ትልቅ ስሙን ትተን ስናየው፣ ያቺን ሚኒባስ ከመንገድ ላይ ለማስቀረት የሚደረግ ሙከራ ነው። ሙከራው ይሠራል ወይስ አይሠራም በሚለው ላይ ዓለም ከተከራከረ ቆይቷል። የእኛም ቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ባለፈው ሰሞን እሳት ተነሥቶበት ነበር። ቨርጂኒያ ታክሲ የሚነዳው የአጎቴ ልጅ «መንግሥት የነካው ነገር ይበላሻል» አለ። ለንደን ያለችው እህቱ መለሰችለት፣ እሱ ደግሞ የጉልበት ኦፕሬሽን ስንት ወር እንደጠበቀች አስታወሳት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አይጻጻፉም። እኔ ግን ነገሩ ስላልወጣልኝ ብዙ አነበብኩበት።

መጀመሪያ «ነጻ» የምትለዋን ቃል እናውጣት። ነጻ ህክምና የትም አገር የለም። ሐኪሙ ደመወዝ ይፈልጋል፣ ጓንቱ ይገዛል፣ ጀነሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል። ነጻ ስንል በር ላይ፣ ካርድ ክፍሉ መስኮት ጋ፣ ታመው ሲመጡ ገንዘብ አይጠየቁም ማለታችን ነው። ገንዘቡ ቀድሞ በሌላ መንገድ ተከፍሏል። እንግሊዝ ከግብር ትከፍላለች፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1948 ጀምሮ። ጀርመን ከሠራተኛውና ከአሠሪው በሚቆረጥ መዋጮ፣ ይህም በቢስማርክ ጊዜ በ1883 የተጀመረ ነው። እስራኤል ከ1995 ጀምሮ ነዋሪው ሁሉ ከአራት የጤና ተቋማት አንዱን እንዲመርጥ አድርጋለች፤ ተቋሙም «አንተ ስኳር አለብህ፣ አንቺ አርጅተሻል» ብሎ መመለስ አይችልም። ሩዋንዳና እኛ ደግሞ ከየቤተሰቡ ዓመታዊ መዋጮ እንሰበስባለን፣ መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይጨምርበታል። መንገዱ ይለያያል እንጂ ከፋዩ ያው ሰው ነው።

እድር ያለው ሰው ይሄን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልገውም። ማንም ሳይሞት በየወሩ ይከፍላል። አባቱ አልጋ ላይ እያጣጣረ «ዛሬ ልመዝገብ» የሚል ጎረቤት ቢመጣ የእድሩ ዳኛ ምን ይለዋል? የመግቢያ ክፈል፣ ያለፈውን አሟላ፣ ከዚያ እናያለን። ክፉ ሆኖ አይደለም። ሁሉም ሰው የሞት ዕለት ብቻ የሚመዘገብ ከሆነ የእድሩ ሣጥን ባዶ ነው የሚሆነው፣ ድንኳንም የለም፣ ወንበርም የለም።

የጤና መድንም የሚታመመው እዚሁ ላይ ነው። ጤነኛው «ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ ይቀራል፣ በሽተኛው ይገባል፣ ወጪው ሲበዛ መዋጮው ይጨምራል፣ መዋጮው ሲጨምር ትንሽ ጤነኛ የነበረውም ይወጣል፣ በመጨረሻ የቀሩት ሕመምተኞች ብቻ ይሆናሉ። ለዚህ ነው በፈቃደኝነት ብቻ የቆመ መድን አገር ሙሉ ሸፍኖ የማይታየው። ኦባማኬር የተባለው የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ መድን ያልገባ ሰው ቅጣት እንዲከፍል ያደረገው ለዚሁ ነበር፣ ቅጣቱ ከ2019 ጀምሮ ዜሮ ቢደረግም። የእኛው ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ደግሞ የሚመዘግበው ሰው ሳይሆን ቤተሰብ ነው። አባወራው ሕመምተኛ ሚስቱን ብቻ አስመዝግቦ ራሱንና ጤነኛ ልጆቹን መተው አይችልም። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ጀምሮ አሠራሩ ይሄ ነው። የእድሩ ዳኛ ቢያየው የሚያጨበጭብበት ዘዴ ነው።

እሺ፣ ይሠራል ወይ?

ጥያቄው አንድ ስለሚመስል ነው የሚያጣላን። ውስጡ ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ቤቴን ከመሸጥ ያድነኛል? ህክምና አገኛለሁ? ጤነኛስ እሆናለሁ? ሦስቱም የተለያየ መልስ ነው ያላቸው።

እዚህ ላይ የኦሪገንን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ኦሪገን የአሜሪካ ግዛት ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 ሜዲኬይድ የተባለውን የድሆች የመንግሥት መድን ለተጨማሪ ሰዎች ልትከፍት ፈለገች። ቦታው ወደ 10,000 ነበር፣ የተመዘገበው ወደ 90,000። ምን ተደረገ? ዕጣ ወጣ። ልክ እንደ ኮንዶሚኒየም። ይሄ ለዕድለ ቢሱ ያሳዝናል፣ ለተመራማሪ ግን ሠርግ ነው። ምክንያቱም ሌላ ጊዜ መድን ያለውንና የሌለውን ብታወዳድሩ ፖም ከድንች ጋር እያወዳደራችሁ ነው፣ ያለው ሰው ሥራ አለው፣ ተምሯል፣ ወይም ደግሞ ታሞ ነው የገባው። በዕጣ ሲሆን ግን ሁለቱን የለያቸው ዕድል ብቻ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ምን ተገኘ? ዕጣው የደረሳቸው ሰዎች ከአቅም በላይ የሆነ የህክምና ዕዳ እነሱ ጋ የለም ለማለት እስኪቻል ድረስ ጠፋ። ሐኪም ጋ መሄድ ጨመሩ። ስኳር እንዳለባቸው ሳያውቁ የኖሩ ብዙዎች አወቁ፣ መድኃኒት ጀመሩ። ድብርት በግልጽ ቀነሰ። የደም ግፊታቸው፣ ኮሌስትሮላቸውና የስኳር መጠናቸው ግን በርግጠኝነት ተሻሻለ የሚያሰኝ ለውጥ አልታየባቸውም። ሌላም የሚያስደነግጥ ነገር ነበር፦ ድንገተኛ ክፍል መሄዳቸው ወደ 40 በመቶ ጨመረ፣ ብዙ የመድን ደጋፊ «ሰዎች መደበኛ ሐኪም ሲያገኙ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይተዋሉ» ሲል የነበረውን ገለበጠበት።

ስለዚህ ሁለቱም ወገን ይሄንኑ ጥናት ይዞ ሮጠ። አንዱ «አያችሁ፣ ከዕዳና ከጭንቀት ገላገላቸው» አለ፣ ሌላው «አያችሁ፣ ገንዘብ ፈሰሰ፣ ግፊቱ አልወረደ» አለ። ሁለቱም አልዋሹም።

ግን ታሪኩ እዚያ አላለቀም። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት መድን ባለመግባታቸው ቅጣት ለከፈሉ ሰዎች ደብዳቤ ሊልክ አሰበ፣ «መድን እንዲህ እንዲህ አድርጋችሁ መግባት ትችላላችሁ» የሚል ተራ ደብዳቤ። ቤተሰቦቹ 4.5 ሚሊዮን ነበሩ። በጀቱ ለሁሉም አልበቃም። በዘፈቀደ ለ3.9 ሚሊዮኑ ተላከ፣ ለቀሪው አልተላከም። ያላሰቡት ዕጣ ወጣ ማለት ነው። በኋላ ሲታይ ደብዳቤው ከደረሳቸው መሃል መድን የገቡት ካልደረሳቸው በልጠዋል፤ ከ45 እስከ 64 ዓመት ባሉት ላይ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ደብዳቤው ከደረሳቸው በየ1,648 ሰው አንድ ሞት ቀርቷል። ደብዳቤ ነው እንግዲህ! ኦሪገን ላይ ያልታየው ለምን እዚህ ታየ ቢባል፣ አንዱ ምክንያት ሞት በጥቂት ሺህ ሰው መሃል በሁለት ዓመት ውስጥ ተቆጥሮ የሚለይ ነገር አለመሆኑ ነው። ሚሊዮኖች ያስፈልጋሉ።

የተቃዋሚዎችን ወግ ማቃለል አልፈልግም፣ ዋና ነጥባቸው ከባድ ነው። ሰው በር ላይ ካልከፈለ አብዝቶ ይጠቀማል ይላሉ። እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በዕጣ ተከፍለው አንዱ ምንም ሳይከፍል፣ ሌላው ከፊሉን ከኪሱ እየከፈለ እንዲታከም የተደረገበት ትልቅ ሙከራ ነበር። ከኪሱ የሚከፍለው በርግጥ ህክምና ቀነሰ። ችግሩ የቀነሰው የማያስፈልገውን ብቻ አልነበረም፣ የሚያስፈልገውንም አብሮ ቀነሰ። ሰው ሐኪም አይደለማ! ደረቱን ሲወጋው ብርድ ይሁን ልብ በምን ያውቃል? በዚያው ሙከራ ድሃ ሆኖ ደም ግፊት የነበረበት ሰው በነጻው በኩል ሲሆን ግፊቱ የተሻለ ተቆጣጥሮ ተገኝቷል።

አሁን ወደ ወረፋው እንምጣ፣ የአጎቴ ልጆች ወደተጣሉበት።

የለንደኗ ልጅ ጉልበቷን ለማስተካከል ከዓመት በላይ ጠብቃለች። ዝም ብላ እያነከሰች። እንግሊዝ ውስጥ ወረፋ ላይ ያለው የቀጠሮ ብዛት ከኮሮና በኋላ ከ7 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ሕጉ በ18 ሳምንት ውስጥ ይታከሙ የሚል ነው፣ ግቡን እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አልመቱትም። ይሄ ውድቀት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሆኖም ስታዋራችሁ አንድ ጊዜም ስለ ገንዘብ አታነሳም፣ ስንት እንደሚያስወጣ እንኳ አታውቅም።

የቨርጂኒያው ልጅ ደግሞ ሐኪም በሳምንት ውስጥ ያገኛል። መድን አለው፣ በየወሩ ይከፍላል። ግን ዲዳክቲብል የሚሉት ነገር አለ፣ መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሺህ ዶላሮች ከኪስህ አውጣ የሚል። ስለዚህ ጎኑን ሲወጋው ምን ያደርጋል? ሌሊቱን ጉግል ሲያደርግ ያድራል፣ ጠዋት መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። ይሄን የነገረኝ ራሱ ነው፣ እየሳቀ። አገሩ እኮ ከጠቅላላ ምርቷ 17 በመቶ በላዩን ለጤና የምታወጣ ናት፣ እንግሊዝ ወደ 11 በመቶ። በሕይወት የመቆያ ዕድሜ ግን አሜሪካ ወደ ኋላ ቀርታለች። ሁሉንም በመድን ማሳበብ ልክ አይደለም፣ ጠመንጃው አለ፣ አደንዛዥ ዕጹ አለ፣ መኪናው አለ፣ ምግቡ አለ። ብቻ ያ ሁሉ ገንዘብ ምን እንደገዛ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዋናው ነገር፣ ህክምና የትም አገር ለሁሉም እኩል በቅቶ አያውቅም። ሁሉም በሆነ ነገር ያጣራል። እንግሊዝ በወረፋ፣ አሜሪካ በዋጋ። እኛስ? እኛ «የለም» በምትል አንዲት ቃል።

አክስቴ ጎጃም ገጠር ናት። የጤና መድን ካርድ አላት፣ በፕላስቲክ ጠቅልላ ከመታወቂያዋ ጋር መቀነቷ ውስጥ የምትይዘው። ከሦስት ዓመት በፊት የሐሞት ጠጠር አሰቃያት፣ ከጤና ጣቢያው ሪፈር ተጽፎላት ሆስፒታል ገባች፣ ኦፕሬሽን ሆነች፣ ተኛች፣ ወጣች። የአልጋውንም የኦፕሬሽኑንም ካርዱ ቻለው። ላሟ አልተሸጠችም። ድሮ ቢሆን ላሟ ብቻ አይደለችም፣ መሬቱም ለእኩል ይሰጥ ነበር። ይሄን በዓይኔ ስላየሁ «የኢትዮጵያ መድን ውሸት ነው» የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

ግን አክስቴ ደም ግፊትም አለባት። በየወሩ አምሎዲፒን መውሰድ አለባት። ርካሽ መድኃኒት ነው። ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ ሁለት ሰዓት በእግር። ካርዱን ታሳያለች፣ ትመዘገባለች፣ ግፊቷ ይለካል፣ መድኃኒቱ ይታዘዛል፣ አንድ ሳንቲም አልተጠየቀችም። ወረቀቷን ይዛ መድኃኒት መስጫው መስኮት ጋ ትደርሳለች። «ይሄ የለም እናቴ፣ ከውጭ ይግዙ።»

ለምን የለም? መድኃኒት ሰጪዋ ስለደበቀችው አይደለም፣ ብዙ ጊዜ። አሠራሩን እንየው። ጤና ጣቢያው የመድን አባሉን ያክማል፣ ሂሳቡን ጽፎ ለወረዳው መድን ይልካል፣ ወረዳው አጣርቶ ይከፍላል። ክፍያው ከዘገየ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ እጁ ላይ የለም። በጥሬ ብር የሚከፍል ሰው ሲመጣ ፊት የሚፈካው፣ ካርድ የያዘ ሲመጣ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። መዋጮው ደግሞ ገበሬው እንዲችለው ተብሎ ዝቅ ተደርጓል፣ መሆንም አለበት። መድኃኒቱ ግን በአብዛኛው ከውጭ በዶላር ይገባል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። መዋጮ በዓመት አንዴ ቢከለስ ነው፣ ያውም በስብሰባ፣ ያውም በልመና። ዋጋው ግን ሌሊቱን ያድጋል። በዚህ መሃል የሚፈጠረው ክፍተት ነው መስኮቱ ላይ «የለም» ሆኖ የሚወጣው።

የደመወዝተኛውማ ጭራሽ አልተጀመረም ማለት ይቻላል። የማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ። ስንቴ «ሊጀመር ነው» ተብሎ ስንቴ እንደተራዘመ የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ሠራተኛው «ደመወዜን ቆርጣችሁ መድኃኒት የሌለበት ሆስፒታል ልትልኩኝ ነው?» አለ። አልተሳሳተም።

እና የተሳካላቸው ምን አደረጉ? እኔ የምወዳት ምሳሌ ታይላንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ2002 «በ30 ባህት ማንኛውም በሽታ» የሚል መድን ለመላው ሕዝብ ከፈተች። 30 ባህት ያኔ አንድ ዶላር አይሞላም። አገሪቷ ሀብታም አልነበረችም፣ ከኤዥያው የገንዘብ ቀውስ ገና ማገገሟ ነበር፣ «በዓመት ውስጥ ትከስራላችሁ» ያላቸው ብዙ ነው። አልከሰሩም። ሰው ለህክምና ከኪሱ የሚያወጣው ከጠቅላላው ወጪ አንድ ሦስተኛ ገደማ የነበረው ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ፣ በድሃ አካባቢዎች የሚሞቱ ሕፃናት ቀነሱ።

ይሄን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ግን ግማሹን ይዘሉታል። ታይላንድ ካርዱን ከማደሏ ከሃያ ሰላሳ ዓመት በፊት ጀምራ ነው ሐኪም ሲመረቅ ገጠር ወርዶ እንዲያገለግል ያስገደደችው። በ1980ዎቹ የከተማ ሆስፒታል ግንባታ ገታ አድርጋ ገንዘቡን ወደ ወረዳ አወረደች፣ በየወረዳው ሆስፒታል ቆመ። ካርዱ የመጣው ክፍሉ ከተሞላ በኋላ ነው። ክፍያውንም በሌላ መንገድ ነው ያደረጉት፦ ለተመላላሽ ህክምና ሆስፒታሉ አክሞ ሂሳብ አይልክም፣ በሥሩ በተመዘገበው ሰው ቁጥር ልክ ገንዘቡን ቀድሞ ያገኛል። ስለዚህ መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ እጁ ላይ አለ፣ ሰዎቹ ባይታመሙለት ደግሞ ይተርፈዋል። ኩላሊት እጥበትን መጀመሪያ አላስገቡትም፣ አንችለውም አሉ። ስድስት ዓመት ቆይተው በ2008 አስገቡት፣ እሱም ሰው ቤቱ ሆኖ በሆዱ በኩል የሚያደርገውን ዓይነት። መገናኛ ላይ የምናያት ሚኒባስ እዚያ ሥራ ፈታች ማለት ነው።

«እነሱ ኤዥያ ናቸው» ለሚለኝ፣ እኛም ጋ የሠራ አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ ሲሰጥ ያየን ትውልድ ነን። አልጋ ላይ ቆዳና አጥንት ሆነው የነበሩ ሰዎች ተነሥተው ልጅ ድረዋል። ያ ደግሞ ሁለንተናዊ ሽፋን ነው፣ ለአንድ በሽታ። ለምን ሠራ? መድኃኒቱ መስኮቱ ላይ ስለነበረ። ካርዱ ሲታይ «የለም» አልተባለማ። ያልተመለሰው ነገር ማን ነው የሚከፍለው የሚለው ነው፤ አብዛኛው ገንዘብ የመጣው ከውጭ ነው፣ ጥር 2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታግድ ብዙ ሰው ቀጠሮው እስኪደርስ እንቅልፍ አጥቶ ነበር።

ስለዚህ ይሠራል ወይ ብላችሁ ብትይዙኝ፣ እኔ የማምነው ይሄን ነው፦ ቤት ከመሸጥ ማዳን ላይ ይሠራል፣ ኦሪገንም፣ ታይላንድም፣ የአክስቴ ላምም ምስክር ናቸው። ጤና ላይ ግን ካርዱ ለብቻው ምንም አያደርግም፣ የሚያደርገው መስኮቱ ላይ ያለው መድኃኒት ነው። አገሮቹም በአንድ ቀን አልደረሱም። ጀርመን ከ1883 ተነሥታ ለሁሉም ሰው ግዴታ ያደረገችው በ2009 ነው። ደቡብ ኮሪያ ግን በ1977 ጀምራ በ1989 ጨረሰች፣ በ12 ዓመት። ስለዚህ ምዕተ ዓመት ይፈጃል የሚለውንም አልቀበልም።

ጥር ላይ እህሉ ገብቶ የመድን ማደሻ ሲደርስ ለአክስቴ ደወልኩላት። ካለፈው ዓመት መዋጮው ጨምሯል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አማረረች፣ መድኃኒቱ እንደሌለ፣ መንገዱ እንደራቀ፣ ባለፈው ወር ባዶ እጇን እንደተመለሰች። «ታዲያ ልትተዪው ነው?» አልኳት።

«ምን ነካህ አንተ? ትናንት ከፍያለሁ» አለችኝ። «ደግሞ ዳግመኛ ብታረድስ?»

ከዚያ ስልኩን ለጎረቤቷ ልጅ ሰጠችው፣ የባዶውን የመድኃኒት ካርቶን ጽሑፍ ፊደል በፊደል እንዲያነብልኝ። ለፋሲካ ስመጣ የሦስት ወር እንድይዝላት።